የቅዳሜ መናኞች

በአዲስ አበባ ኑሮ የተመቸው ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ድሮ ወይ ለነፍሱ ያስብ ነበር፣ ወይ ለጉበቱ። አሁን ሦስተኛ መንገድ ተገኝቷል፤ «አዲስ ሕይወት» ይጀምራል። አዲሱ ሕይወት ሁልጊዜ የሚገኘው ተራራ ላይ ነው፤ ሐይቅ ቢኖርበት ይመረጣል፣ አስፋልቱ ግን ደጃፍ ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሰውየው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል፤ በጃንሆይ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ከተማ ማለት ነው። ምሳውን በልቶ፣ የአምቦ ውሃውን ጠጥቶ ወደ ወንጪ ሐይቅ አፋፍ ይወጣል። አፋፉ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሣና ከከተማ መቆራረጡን ያውጃል። ፎቶው ለከተማ ሰው ካልደረሰ መቆራረጡ አይጸናምና ኔትወርክ እስኪመጣ ጥቂት ይታገሣል። በእንዲህ ያለ መንፈሳዊ ጉዞ ላይ ማሾፍ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔም ለማመስገን ነው የተነሣሁት፤ ከማመስገኔ በፊት ግን ሒሳቡ ቢታይ ምን ይላል?

ከአየሩ እንነሣ። አምቦ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000ን ያልፋል። እንግዲህ የተራራ አየር ፍለጋ ወደ አምቦ የወጣው ሰው በሜትር ሲለካ ወርዷል። ወንጪ አፋፍ ሲደርስ በእርግጥ ከ3,000 በላይ ይሆናል፤ ያንን ከፍታ ግን ሽሮ ሜዳን አልፎ በአንድ የታክሲ ጉዞ ያገኘው ነበር። ስለዚህ የሸሸው ከፍታ ፍለጋ አይደለም፤ በከፍታው ላይ ከተደረገው ነገር ነው። ያን ያደረገው ደግሞ ባዕድ አይደለም። ወንዝ ዳር ድረስ ሕንፃ የገተረው፣ ብቻውን በአንድ መኪና የሚሄደው፣ ጓሮውን በሲሚንቶ የለበጠው ሰው ነው ዛሬ «ከተማው አላስኖር አለኝ» ብሎ የሚሰደደው። ስደተኛውም አሳዳጁም አንድ ሰው የሆነበት ስደት በታሪክ ብዙ አይገኝም።

በእኛ አገር ግን ትንሽ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በሽርሽር ነው። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፣ መኳንንቱ ተከተሉ፣ ሊታጠብ የወረደው ሁሉ ሳይመለስ ቀረና ዋና ከተማ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አለቀ። ያኔ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ገደማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ መንገድ ተቀደደ። ነገሩን ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ የሚደርሰው ዛፍ የማገዶውን ችግር ሲያቃልል ዋና ከተማነቱ ቀረ፣ ቤተ መንግሥት ሊሆን የነበረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሠራዊቱም ግብሩም በእጃቸው የነበረ ንጉሠ ነገሥት እንኳ አንዱን ሰፈር አራቁቶ ወደ ሌላው መጋዝ እንደማያዛልቅ ተረድተው ባሉበት ዛፍ ማስተከልን መረጡ። የዛሬው ስደተኛ በየሳምንቱ ያንን ከተማ በመኪና መስኮት እያየ ያልፋል፤ የሚቆመው ግን ለድንች ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን፣ እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ የሜዳው ሙቀት ስላንገሸገሻቸው ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋው መንግሥታቸውን ከነመዝገቡ ከነጸሐፊው ጭነው ሲምላ የምትባል የሂማላያ ከተማ ላይ ያወጡት ነበር። ከእነርሱ በኋላም መውጣቱ ቀጠለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የሲምላ ቧንቧ ለቀናት ደርቆ ነዋሪዎቿ ጎብኚዎችን «እባካችሁ አትምጡ» እስከማለት ደረሱ።

ዓለምን ትቶ ተራራ መግባት በእኛ ዘንድ ጥንታዊና የተከበረ ነገር ነው፤ ምናኔ ይባላል። ወንጪ ሐይቅ መካከል ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። የቀድሞው መናኝ ርስቱን ለወንድሙ፣ ማዕረጉን ለወረሰው፣ ስሙን ለዓለም ትቶ በመቋሚያ ይገባ ነበር፤ አዲስ ሕይወት የሚባል ነገር ካለ እርሱ ጀምሮታል። የቅዳሜው መናኝ የሚገባው በላንድክሩዘር ነው። ከዓለም የሚለየው ዓለምን ጭኖ በመምጣት ነው፦ ጄኔሬተር፣ የሳተላይት ዲሽ፣ የቡና ማሽን፣ ሁለት የታወቀ ዘር ያላቸው ውሾችና እነርሱን የሚመግብ ዘበኛ። ርስት ትቶ አይመጣም፣ ርስት ሊጨምር ይመጣል። ዝምታ ፍለጋ ነው የመጣው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የድንጋይ አጥር ማሠራት ነበር፣ ይህም ሦስት ወር ሙሉ መንደሩን ሲያደነቁር ከረመ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ጅቡ ግን ቁርበት ለምኖ ነው፣ ደላላ ልኮ አይደለም።

ደላላው ላይ ከደረስን ዘንዳ ዋናው ነገር እዚህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅም፣ ቁጥር 130/1999፣ ገበሬው ሊያከራይ የሚችለው ከይዞታው እስከ ግማሹን እንደሆነና ጊዜውም ለባህላዊ እርሻ ከሦስት ዓመት፣ ለዘመናዊ ደግሞ ከ15 ዓመት እንደማያልፍ ደንግጎ ነበር። ሕግ አክባሪው መናኛችን ስለዚህ መሬት አይገዛም፣ እግዜር ያሳያችሁ። የሚገዛው ቤት ነው። ቤቱ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ሦስት ቆርቆሮ ቢሆንስ? ቤት ቤት ነው፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ ቦታ ተከትሎት የመጣው በራሱ ፈቃድ ነው። መሬቱ በመንግሥት በኩል ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የሚነሣ ከሆነም ሒሳቡ ሌላ ነው። በአዋጅ 455/1997 የገበሬው የመፈናቀያ ካሳ የሚሰላው መሬቱ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ባገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 አባዛው። መሻሻል ነው፣ አይካድም። ሁለቱም ግን የሚያባዙት ያንኑ ነገር ነው፤ ገብሱን፣ ድንቹን፣ እንሰቱን። መናኙ ደግሞ ለገብሱ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። የሚከፍለው ለዕይታው ነው፤ ማለዳ ጉም ከሐይቁ ላይ ሲነሣ በመስታወት ለሚታየው ነገር። ያው ጉም ለገበሬው ደጃፍ ለዘመናት ሲነሣ ኖሯል፤ ከእርሱ ሲወሰድ ግን በኩንታል አይሰፈርምና ከሒሳብ አይገባም፣ ለእንግዳ ሲሸጥ በአልጋ በአዳር ይመነዘራል። አንድ ነገር ከአንዱ እጅ ሲወጣ ዋጋ ቢስ፣ ሌላው እጅ ሲገባ የከበረ የሚሆንበት ንግድ ድንቅ ነው፤ ከአልኬሚስቶች በኋላ እንዲህ ያለ ሙያ የታየው አምቦና ወሊሶ መካከል ነው።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ይህን ንግድ ሳያውቅ የዋለ እንዳይመስለን። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም የአምቦ ወጣቶች ከተማዋን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለውን የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውመው ሲወጡ ሕይወታቸውን የከፈሉ አሉ። በኅዳር 2008 ዓ.ም ጊንጪ ላይ ተማሪዎች የወጡት ስለ አንድ የኳስ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን ነበር፤ ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው እሳት ኦሮሚያን አዳረሰ፣ ማስተር ፕላኑም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተሰረዘ። ከዚህ ሁሉ የሚነበበው ከተሜ እንዳይመጣ የሚል ጥላቻ አይደለም። ከተማው ሲመጣ መሬቱን ይፈልገዋል፣ ሰውየውን ግን አይፈልገውም የሚል ልምድ ነው። አዲስ ሕይወት ጀማሪው ይህን ዜና አልሰማም ማለት ይከብዳል፤ ምናልባት ያኔ ሌላ ሐይቅ ዳር ሌላ አዲስ ሕይወት ላይ ነበር።

«ሥራ እየፈጠርን ነው» የሚለው መልስ ቀላል አይደለም፣ በሚገባው ክብር ሊታይ ይገባል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም የተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪን ይዟል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል። መንገድ፣ መብራት፣ ገበያ የሚጠላ ገበሬ የለም። ግን እንግዳና ባለቤት ይለያያሉ። እንግዳ ለፈረስ ይከፍላል፣ ለጀልባ ይከፍላል፣ ለማር ይከፍላል፣ ነገ ሌላ እንግዳ መጥቶ እንደገና ይከፍላል። ባለቤት የሆነው መናኝ ፈረስ አይከራይም፤ ወደ ውሃው የሚወርደውን መንገድ አጥሮ የራሱ ያደርገዋል፣ ባለፈረሱንም ዘበኛ አድርጎ ይቀጥረዋል። ይህም ሥራ ፈጠራ ተብሎ ይመዘገባል፤ የራሱ ጌታ የነበረውን ሰው ደመወዝተኛ ማድረግ በእርግጥ አንድ ሥራ ይፈጥራል። የዚህ መንገድ መጨረሻ የት እንደሆነ ለማየት አሜሪካ ኮሎራዶ ያለችውን አስፐንን መመልከት ይበቃል። የድሮ የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነበረች፤ ባለጠጎች አዲስ ሕይወት ከጀመሩባት ወዲህ አስተናጋጁ፣ መምህሩና ነርሱ ቤት መከራየት አቅቷቸው ከሸለቆው ግርጌ ካሉ ከተሞች በአውቶቡስ ይመላለሳሉ።

ሌላው ክስ ከበድ ይላል፦ «ገበሬው በጎጆ እየኖረ እንዲቀር ትፈልጋለህ፣ ድህነትን ታሞግሳለህ» ይባላል። ክሱ ትክክል ነው፣ ተከሳሹ ግን ሌላ ሰው ነው። ጎጆዋን የሚፈልጋት መናኙ ነው። ጎረቤቱ ሣር ክዳኑን አፍርሶ ቆርቆሮ ሲመታ «ውበቱ ጠፋ» ብሎ የሚያዝነው እርሱ ነው፤ የእርሱ ጣሪያ ከውጭ የመጣ መሆኑ ግን ውበት ላይ ያመጣው ጉዳት የለም። የወፍጮው ድምፅ ያውከዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎን ያውከዋል፣ የበግ በጠጥ ያውከዋል። አምቦ ከተማ ራሷ ብዙም አትታየውም፤ ያልነበረውን ንጹህ ገጠር ስለሚፈልግ የነበረውን ከተማ ይዘለዋል። አምቦ ግን የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተባት በ1939 ዓ.ም ነው፤ ያ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የሰብል በሽታ የሚጠናበት ማዕከል አላት፣ ከ1922 ዓ.ም ጀምሮ ውሃዋ በጠርሙስ ታሽጎ እስከ ዋና ከተማው ድረስ ይጠጣል። ይህች ከተማ ሐኪም፣ መምህር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ብትሻ ማንም አይገረምም። አዲስ ሕይወት በዚህም ይጀመራል፤ እንዲህ ያለው መናኝ ግን እስካሁን ሰልፍ ሲይዝ አልታየም፣ ከአምቦ ሆስፒታል ሐይቁ አይታይማ።

በመጨረሻ ሕግ ይጠቀሳል፦ አንቀጽ 32፣ ማንም ሰው በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው። አለው፣ ያለ ጥርጥር። የቅዳሜው መናኝ ያልተጠቀመበት መብት ቢኖር ግን ይኸው የመኖር መብት ነው። ስዊዘርላንዶች ተራራቸው በዝግ መስኮት ሲሞላ በ2012 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ አድርገው በየወረዳው የዕረፍት ቤቶች ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጡ ወሰኑ፤ ስዊዝን ደግሞ ሀብታም ጠል ብሎ የከሰሰ የለም። እኛ ዘንድ ወሰኑን ያሰመረው ሌላ ነገር ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ የትጥቅ ግጭት ሲበረታና መንገድ ሲዘጋ አዲሱ ሕይወት በአንድ ሌሊት ታሽጎ ወደ ቦሌ ተመለሰ፤ የቀረው አሮጌው ሕይወት ነው፣ ላሙን ጥሎ የሚሄድበት ስለሌለው። መንገዱ ሲከፈት መናኙ ተመልሶ አጥሩ ተነቅሎ እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቀው፤ የዘበኛውን ቤተሰብ ደኅንነት መጠየቁን ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። መኖር ከፈለገ መንገዱ ክፍት ነው፤ አፋን ኦሮሞ ይማራል፣ ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ግብሩን ለዚያው ወረዳ ይከፍላል፣ እድር ይገባል። እድሩ ስለ ዕይታ አይጠይቀውም። መዋጮውን በሰዓቱ እንዲያመጣ፣ ድንኳን ሲተከል እንዲገኝ ብቻ ይጠይቀዋል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ቀብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀን ነው የሚውለው።