ሁለቱ መሻገሪያዎች

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና በሚገቡበት በፎገራ ሜዳ፣ እንስሳት ሁሉ ተስማምተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር። ሩዛቸውን የሚያከማቹት ከርብ ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ጎተራ ነው። ጠባቂዋም ቡሬ የፎገራ ላም ነበረች። እያንዳንዱ ቤት ከእሷ ጋር ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል አለው። ሩዝ ሲያልቅበት ልጁን ይልካል፤ ልጁ ቃሉን ይናገራል፤ ላሚትም ሰፍራ ትሰጠዋለች።

በወንዙ ዳር ችካሎች በተራ ተተክለዋል። በ80ኛው ችካል ያለው መሻገሪያ ሰፊና ገላጣ ነው። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ መልእክት የሚደርሰው ግን በጩኸት ነው። በ443ኛው ችካል ያለው ግራና ቀኙ በደንገል የታጠረ ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ተቀርጾበታል። መልእክቱ በቆዳ ከረጢት ታስሮ በሰም ይታተማል፤ በማዶ የምትቀበለው እውነተኛዋ ላም መሆኗንም አዛውንቱ ኤሊ በማኅተሙ ይመሰክራል።

ሁለቱንም የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም የሚሻገረው ግን እግሩ በለመደው በ80ኛው ነበር።

አንድ ቀን የጦጢት ልጅ 80ኛው ላይ ቆሞ የቤቱን የይለፍ ቃል ጮኾ ተናገረ። ቀበሮ ቄጤማ ውስጥ ተኝቶ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ሄዶ ያንኑ ቃል ተናገረ፤ ላሚትም አንድ ዳውላ ሰፈረችለት። ጦጢት መጥታ ብታለቅስ፣ «እመት ጦጢት፣ ቃሉ ልክ ነበር፤ ምን ላድርግ?» አለቻት።

እንስሳቱ ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት ቦታ ተሰብስበው ተማከሩ። ዝይንም 80ኛው ችካል ላይ ዘብ አቆሙ። «የመጣውን ሁሉ ወደ 443ኛው መልሺ» አሏት። ዝይ ታማኝ ነበረች። የመጣው ልጅ ግን መጀመሪያ ቃሉን ይጮኻል፤ ከዚያ እሷ «በ443ኛው ሂድ» ትለዋለች፤ ልጁም ታዝዞ ይሄዳል። ቀበሮ የሚፈልገው ያንን የመጀመሪያውን ጩኸት ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቀበሮ ከዝይ ቀድሞ መንገድ ላይ ተቀመጠ። «ልጄ፣ ደክሞሃል። ጥላው ሥር አረፍ በል፤ እኔ አደርስልሃለሁ» ይላል። ከልጁ አፍ የሰማውን በከረጢት ያስራል፣ በሰም ያትማል፣ በ443ኛው ይሻገራል። ላሚት የታተመ ከረጢት አይታ ደስ ይላታል። ልጁም ሩዙ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀበሮን ግን ሁለቱም ይመርቁት ነበር።

የኤሊ ማኅተም በየ90 ቀኑ መታደስ ነበረበት። አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ሁሉም በየጉብታው ሲያድር ማኅተሙን ያስታወሰ አልተገኘም። በ443ኛው በር ላይ ያለችው እንቁራሪት «ማኅተሙ አርጅቷል፣ አትለፉ!» ብላ ጮኸች። እንስሳቱ ግን ርቧቸዋልና፣ «የራሳችን በር ነው» እያሉ አለፉ። እንዲህ አንድ ሳምንት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ቀበሮ ከጭቃ ማኅተም ሠርቶ፣ የላም ቆዳ ለብሶ ማዶ ቆመ። እንቁራሪት በዚያው ድምፅ ጮኸች። «የሁልጊዜ ጩኸቷ ነው» አሉና ቃላቸውን በየተራ ለቀበሮ አስረከቡ።

ከዚህ በኋላ ማኅተሙ ታደሰ፣ የይለፍ ቃሉም ሁሉ ተለወጠ። ለመስቀል ሲደገስ ሩዙ በ443ኛው ታትሞ መጣ። በርበሬው ግን «ለቅመም ማኅተም ምን ያደርጋል?» ተብሎ በ80ኛው አለፈ። ቀበሮ መንገድ ላይ ብርብራ ፈጭቶ ጨመረበት፤ ያ አጥማጆች ዓሣ የሚያደነዝዙበት ብርብራ ነው። ሩዙና በርበሬው በአንድ ድስት ተሠሩ። የበላው ሁሉ ወደቀ። ሲነጋ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ የጦጢት ትንሹ ልጅ አልተነሣም።

ጦጢት ልጇን ቀብራ ላሚት ፊት ቆመች። «እመት ላሚት፣ ልጆቻችን መንገዱን የሚማሩት ወንዙ ዳር ከደረሱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀበሮ ቀድሟቸዋል» አለቻት።

በዚያ ቀን ሥርዓት ቆመ። በ80ኛው ለመጣ፣ ሩዝም ይሁን ጨው፣ አይሰፈርለትም፤ መልሱ «በ443ኛው» ብቻ ነው። በ443ኛው የተሻገረ ልጅ አንገቱ ላይ ክር ይታሰርለታል፤ ክሩን እስካጠለቀ አንድ ዓመት ሙሉ እግሩ ወደ 80ኛው አይዞርም፤ በተሻገረ ቁጥርም ክሩ ይታደስለታል። ማኅተሙ ካረጀ በሩ ለአንበሳም አይከፈትም፤ ስለዚህ ኤሊ 90ውን ሳይጠብቅ በ60ኛው ቀን ያድሰዋል። እናቶችም ልጃቸውን ሲያጠቡ ከስሙ ቀጥሎ የሚያስተምሩት መሻገሪያውን ነው፤ ልጁ ወንዙን ሳያይ መንገዱን ያውቃል።

ቀበሮ ዛሬም ከ80ኛው ችካል አጠገብ፣ ቄጤማው ውስጥ ተኝቶ ያዳምጣል። የሚሰማው የርብን ውኃ ብቻ ነው።