ክሩን እኔ እገዛልሻለሁ

መስቀል አልፎ የደመራው አመድ ሳይነሳ ይጀምራል። የሹራብ መርፌ ወይም ኪሮሽ የሚይዝ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ዘመድ ይደውላል፤ ጤና ይጠይቃል፤ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ ይጫወታል፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። «ለገና ለልጄ አንዲት ሹራብ ብትሠሪላት»፤ «ለእማዬ ለትከሻዋ የሚሆን ነገር»፤ «ያቺን የሶፋ ዳንቴል፣ እትዬ ቤት ያየኋትን ዓይነት»። በመጨረሻም ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ይከተላል፦ «ክሩን እኔ እገዛልሻለሁ»።

ይህን የሚለው ሰው ክፋት የለበትም። ክሩን ከገዛ ወጪው ሁሉ የተሸፈነ ይመስለዋል። ክር ግን የዚህ ሥራ ትንሹ ወጪ ነው። ለአዋቂ የሚሆን ባለሙሉ እጅጌ ሹራብ በእጅ ሲሠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀለበቶች አሉት። እያንዳንዷ ቀለበት በጣት ተይዛ፣ በመርፌ ተስባ፣ በፊተኛዋ ውስጥ ታልፋለች። አንዷ ሾልካ ብትወርድና ሳትታይ ብትቀር ሥራው ከዚያች ቦታ ወደ ታች መተርተር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የስንት ምሽት ልፋት ተፈትቶ እንደገና ይጠቀለላል። ይህን ማን ይገዛልናል?

ዋጋ ይከፈለን ብለን አናውቅም። ለእህት ልጅ፣ ለአማት፣ ለአበልጅ የሚሠራ ነገር ዋጋ አይወጣለትም፤ ወደን ነው የምንሠራው። የሚያንገበግበን ሌላ ነው። ከሱቅ የተገዛ ስጦታ «ምን አስወጣህ!» ይባልለታል። በእጅ የተሠራው ግን ጓሮ እንደ በቀለ ጎመን ይቆጠራል፤ ማንም መጥቶ ቢቀነጥበው የሚጎድል አይመስልም። «አንቺማ እጅሽ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ቁጭ ባልሽበት የምትሠሪው» ይሉናል። ቁጭ የምንለው መቼ እንደሆነ የጠየቀን ሰው የለም። እራት ቀርቦ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሊጥ ተቦክቶ፣ ልጅ ተኝቶ ሲያበቃ ነው። ሌላው ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት እኛ አንገታችንን አቀርቅረን እንቆጥራለን፤ ሲነጋ የእጅ አንጓችን አልታጠፍ ይለናል።

ቆጠራውን ካነሳሁ አይቀር፣ ስትቆጥር የምትታይ ሴት ሥራ ላይ እንዳለች የሚቆጥራት የለም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቷ ቀለበት እየለየ እያዩ፣ «ስሚ እንጂ፣ የነእትዬን ነገር ሰማሽ?» ይሏታል። ቡና ላይ ደግሞ ይብሳል። አቦሉ ሲወርድ ዝም የሚለን ሰው፣ ቶናው ላይ ሥራችንን ከእጃችን ነጥቆ ወደ ብርሃን ያነሳና ይዘረጋዋል፤ መርፌው ይንሸራተታል፤ «ውይ! ይመለሳል አይደል?» ይላል። ይመለሳል። ያ ምሽት ግን አይመለስም። መብራት የጠፋ ዕለትማ ምን ልበል፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ክር በሻማ የሠራች ሴት ዓይኗ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ለትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የሚሆን ሹራብ እያሉ ጥቁር ሰማያዊ የሚያዙ እናቶች ይህን ቢያስቡልን ምን አለበት? እሱን የሚሠሩ ባለ ማሽኖች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ ማሽን ደግሞ ዓይን የለውም የሚደክም።

ልክ መጠየቅ ሌላው ጣጣ ነው። ሹራብ የሚሠራው በደረት ዙሪያ፣ በእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ባለው ቁመት ነው። ይህን ለመለካት ሜትርና ትንሽ ደቂቃ ይበቃል። የሚሰጠን መልስ ግን «የጎረቤታችንን ልጅ ያህላል» ነው። «ትንሽ ወፈር ብሏል»። «ባለፈው ካየሽው አድጓል»። ወይም ከሁሉ የከፋው፦ «ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል»። ሰፋ አድርገን እንሠራለን። ልጁ የገና ዕለት ይለብሰዋል፤ እጅጌው ጣቱን ይውጠዋል፤ ይስቁበታል፤ አውልቆ ይወረውረዋል። እስኪያድግበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ይባላል፤ ከሳጥን ሲወጣ ጠቦታል። ይህን ያላየች ባለ መርፌ ካለች ትንገረኝ። ከባሕር ማዶ የሚያዝዙት ደግሞ «ሚዲየም ነው» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። የአሜሪካ ሚዲየም የማን ደረት ነው? ያንዱ ፋብሪካ ሚዲየም ካንዱ ፋብሪካ ጋር እንኳ አይገጥምም። ለሕፃን ከሆነ ደግሞ የጭንቅላቱ ዙሪያ መታወቅ አለበት። የሕፃን ራስ ከገላው አንጻር ትልቅ ነው፤ አንገቱ ላይ ቁልፍ ያልተደረገለት ሹራብ ደረቱን ቢያህለውም በራሱ በኩል አያልፍም። እናቱ ስታስገድደው ልጁ ያለቅሳል፤ ጥፋቱ የሹራቡ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ክሩ ልመለስ። እገዛልሻለሁ ያለው ሰው ገዝቶ ሲመጣ ሁልጊዜ ያንሳል። «አምስት ድቡልቡል አይበቃም?» አይበቃም፤ ደጋግመን ብለነዋል። ስለዚህ ከጀርባው ጨርሰን እጅጌው ላይ ስንደርስ ክር ያልቃል። መርካቶ ተመልሰን ያንኑ ቀለም እንጠይቃለን፤ ባለ ሱቁ «ያው ነው፣ አንድ ነው» ብሎ ይምላል። አንድ አይደለም። ክር የሚነከረው በየጊዜው በተለያየ በርሜል ነው፤ የዛሬው ቀይ ከወር በፊቱ ቀይ ጋር ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው መጠቅለያው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የንክሩ ቁጥር የሚታተመው። ብዙ ሱቅ ግን ወረቀቱ ወልቆ ክሩ በከረጢት ተደባልቆ ይጠብቀናል። ሱቅ ውስጥ ባለው አምፖል ሲታይ የገጠመ የመሰለው፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ እጅጌው ሌላ ሰው ላይ የተሰፋ ይመስላል። ያየው ሰው ሁሉ ደግሞ «እጅጌውን ለምን በሌላ ቀለም ሠራሽው?» ይላል።

የክሩ ዓይነትም አለ። ገበያው በአክሪሊክ ተጥለቅልቋል። ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙ ያምራል፤ ለሕፃን አልጠላውም። ለታኅሣሥ ሌሊት ግን እንደ ሱፍ አያሞቅም። ንጹሕ ሱፍ ስንፈልግ ዋጋው ያስደነግጣል። የሚያሳዝነኝ አገራችን የሱፍ በግ ያላት መሆኗ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር እየተፈተለ ባና ሲሸመንበት ኖሯል፤ ደብረ ብርሃን ላይም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቁሟል። የመንዝ ፀጉር ሻካራ ነው፣ ለሕፃን አንገት እንደማይሆን አውቃለሁ። ለአባቶች ካፖርት መሳይ ሹራብ፣ ለእግር ሹራብ፣ ለትከሻ ግን ማን ከለከለው? በድቡልቡል ተጠቅልሎ መርካቶ መደርደሪያ ላይ ባገኘው ዓይኔን ሳላሽ እገዛው ነበር። አላገኘሁትም።

ቀኑ ደግሞ አይጠብቅም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብለን ስንቆጥር ዘመነ ዮሐንስ ይገባና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ከመስከረም ጀምሮ ቀን ከፋፍላ ለምትሠራ ሴት የአንድ ቀን መጉደል ቀላል አይደለም። ጾሙ በኅዳር አጋማሽ ከገባ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ «ትንሽ ነገር» ተብሎ ነው የሚመጣው። ኮፍያ ብቻ። ካልሲ ብቻ። እኒህ «ብቻ»ዎች ተደምረው ነው ዋናውን ሹራብ ያለ አንገት የሚያስቀሩት። ያልደረሰለት ሰው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ይተርትብናል፤ ጥምቀት እስኪደርስ ገና 12 ቀን አለ ማለቱ ነው። እነዚያን 12 ቀናትም ሰጥተናቸዋል። እንዲያውም ሹራብ ከገና ይልቅ ለከተራ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ጃንሜዳ ያደረ ሰው የጥርን ብርድ ያውቀዋል፤ ከነጩ ቀሚስ በታች በእጅ የተሠራ ሹራብ የለበሰች ልጅ ስትንቀጠቀጥ አላየሁም።

ይህ ሁሉ በጋቢ ፈታዮች ላይ ሲደርስ እጥፍ ነው። የኛ ክር ተፈትሎ፣ ተነክሮ ይመጣል። እነሱ ከጥጡ ነው የሚጀምሩት። ፍሬው ይዳመጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂቱ እየተጠራቀመ ለሸማኔ ይሰጣል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ምን ያህል ማግ እንደሚበላ የፈተለ ያውቃል። ሰፈራችን ውስጥ ዓይናቸው እየደከመ ባሕር ማዶ ላለ ልጃቸው ጋቢ የሚፈትሉ እናቶች አሉ። ልጁ አያውቅም፤ ድንገት ይደርስለታል ብለው ነው። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «ነገ ማታ የሚሄድ ሰው አለ»። ነገ ማታ! ሸማኔው ቋጭቶ አልጨረሰ፣ ጋቢው አልታጠበ። እየሮጡ ያደርሳሉ። ተሸካሚው ሻንጣውን ይመዝናል፤ አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አይዘልም፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ገብቶ ጋቢው ይወጣል። «በሌላ ጊዜ ይሄዳል፣ እሱ አይበላሽ» ይባላል። እኚያ እናት ፊታቸው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። በርበሬ ከሱቅ ይገዛል፤ እዚያም ይሸጣል። የእናት እጅ ፈትል ግን የትኛውም ከተማ ሱቅ ውስጥ የለም። ከሻንጣ መውጣት ካለበት መጀመሪያ መውጣት ያለበት በርበሬው ነው፤ ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልገኝም።

ስጦታው ከተሰጠ በኋላስ? «እጅሽ ይባረክ» ይባላል፤ ይህ ምርቃት ነው፤ በሙሉ ልባችን አሜን እንላለን። ከዚያ በኋላ ግን ሹራቡን አናየውም። «አዝኜለት ነው፣ ለደህና ቀን አስቀመጥኩት» ይላሉ። ሹራብ ለብርድ ቀን ነው የተሠራው፤ ደህና ቀንማ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ነው። ሱፍ ሲቀመጥ ደግሞ ብል ይበላዋል። የለበሰው ሰው ቢኖር አጠባው ያጠፋዋል። ሱፍ በፈላ ውኃ ታሽቶ ሲታጠብ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል፤ ዳግም አይዘረጋም። አክሪሊክ ካውያ ሲነካው ልሟጭ ይሆናል፤ እሱም ዳግም አይነሳም። ርጥብ ሹራብ ገመድ ላይ ሲሰቀል በራሱ ክብደት ይረዝማል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጨመቅ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ስንሰጥ ይህን በቃል እንነግራለን፤ የሚሰማን የለም። በዓመቱ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሹራብ ይዘው መጥተው «ጠበበ፣ አስፊልኝ» ይሉናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሳልቫጅ ነገር ነው። ያልሰማች የለችም። ሥራውን ገልብጠው እያዩ፣ «ቆንጆ ነው፤ ከቦንዳ ግን እኮ እንዲህ ያለ በስንት ብር ይገኛል መሰለሽ» ይላሉ። ይገኛል። ከቦንዳ የወጣውን ሹራብ ሲሠራ የልጃችሁን ስም ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። እኛ ስንሠራ እናስባለን። ይህች ልጅ ጉንፋን አይለቃትም፣ አንገቱን ከፍ ላድርግላት እንላለን። እሷ ቀይ ትወዳለች እንላለን። አማቴ እጃቸው አይታጠፍላቸውም፣ ቁልፉ ትልቅ ይሁን እንላለን። ይህን ማንም እንዲቆጥርልን አልጠበቅንም፤ ከቦንዳ ጋር በዋጋ እንዳይመዘን ግን የመጠበቅ መብት አለን።

ዘንድሮም እሠራለሁ። ትእዛዝ የምቀበለው እስከ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮፍያም ብቻ ቢሆን፣ ካልሲም ብቻ ቢሆን ለክረምት ይደርሳል። ደረት፣ እጅጌ፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይምጣልኝ፤ የሕፃን ከሆነ የራሱ ዙሪያም ይጨመር። ክሩን እገዛለሁ የሚል ሰው ይዞኝ መርካቶ ይሂድ፤ አንድ ንክር የሆነውን፣ ወረቀቱ ያልወለቀውን እኔ እመርጣለሁ፤ ሁለት ድቡልቡል ትርፍ እናስገባለን። ለገና የሰጠሁትን ደግሞ ለጥምቀት ለብሳችሁት ልይ።