ሰቆጣ ላይ የኮምፒውተርዎን ሰዓት ለመፈተን

ሰቆጣ ተቀምጠው የላፕቶፕዎ ሰዓት ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሚዋሽ ሳያውቁ እንቅልፍ ከወሰደዎ፣ ጤንነትዎን ይጠራጠሩ። ፈተናውን ዛሬውኑ ይጀምሩ። መብራት ከሌለ ነገ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አጭር ፕሮግራም ይጻፉና ያለማቋረጥ «ስንት ሆነ? ስንት ሆነ?» እያለ ሰዓቱን ይነዝንዘው፤ መልሱ ሲለወጥ በስንት እንደዘለለ ይመዝግቡ። ሰዓት የሚጠየቅበት የዊንዶውስ የድሮው ፈንክሽን እዚህ ላይ ያሳፍርዎታል፤ ሺህ ጊዜ አንዱኑ መልስ ይደጋግምና ድንገት 15.6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈናጠራል። ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው አዲሱ ግን በ100 ናኖሰከንድ ይሰፍራል። ማክ በማይክሮሰከንድ፣ ሊኑክስ በናኖሰከንድ ይመልሳሉ።

አሁን እነዚህን ዝላዮች በአገርኛ መስፈሪያ ለመለካት ቡና አስፈልተው ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መሪጌታ ይጥሩ። እሳቸው ዕለትን ለ60 ኬክሮስ ይከፍሉልዎታል (የካርታውን ኬክሮስ አይደለም)፤ ኬክሮስን ለ60 ካልዒት፤ እንዲህ በ60 በ60 እየሸነሸኑ በሣልሲት፣ በራብዒት፣ በኃምሲት አድርገው ሳድሲት ይደርሳሉ። እርስዎ ያስሉ፦ ራብዒት 6.7 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ሳድሲት ደግሞ ከ2 ማይክሮሰከንድ በታች። የድሮው ዊንዶውስ እንግዲህ በአንድ እርምጃ ከሁለት ራብዒት በላይ ይረግጣል። ይህን ለመሪጌታው ባይነግሯቸው ይሻላል፤ ቡናው ሦስተኛ ላይ አያበቃም።

ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ማሽን የጫኑ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ያዘጋጁ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዊንዶውስ የአገር ቤት ነው ይላል፣ ሊኑክስ የግሪንዊች ነው ይላል፤ ካልተስማሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ድፍን 3 ሰዓት ይዛነፋል። ናኖሰከንዱ ግን አንድም አይጎድልም! በዚያ ላይ ጎረቤት መጥቶ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ሲል ሌላ 6 ሰዓት ይጨምሩበት።

በመጨረሻ ደጅ ወጥተው እንጨት ይትከሉና ጥላው የሚያጥርበትን ሰዓት ይያዙ። (ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሞክሩት፤ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፣ ፀሐይ አያገኙም።) የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ልክ ሲሆን፣ ሰቆጣ ያለችው 39 ገደማ ላይ ነው። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ቢያስቡ፣ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ24 ላይ ነው፤ ልክ አንድ ኬክሮስ ዘግይታ። ስለዚህ «ቀትር ላይ ይምጡ» ብሎ ለዝክር የጠራዎ ሰው ካለ፣ የላፕቶፑ ቀትር ይሁን የፀሐይዋ አስቀድመው ያስረግጡ። በአንድ ኬክሮስ ስንት ጠላ እንደሚያልቅ ያውቁታል።