ጣሳው ሲነሣ፦ በተከራይ ጓሮ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ጓሮ እስካሁን በቂ ጥናት አልተደረገበትም። ምሁራኑ ራሳቸው ተከራዮች ስለሆኑ አከራያቸው የሚያነቡትን ነገር መጻፍ አይደፍሩም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። መላምቱም አጭር ነው፦ አንድ ሰው በግቢው ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንዳሰበ ማወቅ የፈለገ ውሉን ትቶ የተከለውን ይመልከት።

በሶብላ የዘራ ተከራይ የሚያስበው የዘንድሮውን በርበሬ ብቻ ነው። ጤና አዳም የተከለ ቡናውን አጣጥሞ ሊጠጣ ቆርጧል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ጌሾ ያጸደቀ ከፊቱ ድግስ አለበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የበላውን አቮካዶ ፍሬ አጥቦ የሚተክለው ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ስለዚህ ሰውየው የተከለውን ለመቅመስ ቢያንስ ሦስት ውል መፈረም አለበት። በተግባር የታየው ሌላ ነው፦ አንዱ ተክሎ ይወጣል፤ ተከታዩ አጠጥቶ ይወጣል፤ ሦስተኛው የረገፈውን ቅጠል ሲጠርግ ሲያማርር ይከርማል፤ ፍሬውን የአከራይዋ የልጅ ልጆች ይበሉታል። በመሀል ደላላው «ለምለም ግቢ ነው፣ አቮካዶም አለው» እያለ ዋጋ ይሰቅላል። ተከራይ በገዛ እጁ የራሱን ኪራይ የሚያስጨምርበት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም።

የሕጉን ነገር ማለፍ አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1133፣ ዛፎችና ሰብሎች ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ናቸው ይላል። ሕዝቡ ለዚህ ቁጥር ያዘጋጀው መልስ ጣሳ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን። ላይ ላዩን ሲታዩ የአበባ መትከያ ይመስላሉ፤ በሕግ ዓይን ግን የማይንቀሳቀስ ንብረትን ተንቀሳቃሽ የሚያደርጉ መሣሪያዎች ናቸው። ጣሳ ውስጥ ያለችው ጤና አዳም የተከራይ ናት። ዘሯ ረግፎ ከጣሳው በስንዝር ርቀት የበቀለችው ልጇ የአከራይ ናት።

ጣጣው የሚመጣው ከክረምት በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጣሳውን ቂጥ በዝገት ይበሉታል፤ የጤና አዳሟም ሥር ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ መሬት ይወርዳል። ይህ የሚታወቀው ቤት በሚለቀቅበት ቀን ብቻ ነው። አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ቁም ሳጥኑ ተጭኗል፣ ፍራሹ በገመድ ታስሯል፣ ምጣዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጋቢና ገብቷል። ተከራይዋ በመጨረሻ ጣሳዋን ልታነሣ ጎንበስ ትላለች። ጣሳው ይነሣል፤ ጤና አዳሟ ግን እዚያው ቆማ ትቀራለች። አከራይዋ ከበረንዳቸው ሆነው «ተያት የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ትደርቅብሻለች» ይላሉ። ይህ ርኅራኄ ይሁን የይዞታ ጥያቄ ጥናቱ መለየት አልቻለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው ጣሳውን ገልብጠው ከማየት በቀር ሌላ መንገድ ያላቸው አይመስለንም።

ከሁሉ የከበደው ውርስ ዳማከሴ ነው። ዳማከሴ ያለበት ግቢ በሰፈሩ ዘንድ እንደ ጤና ጣቢያ ይቆጠራል፤ ምች የመታው ሁሉ ያንኳኳል። ተካይዋ ከወጣች በኋላም ማንኳኳቱ አይቆምም። አዲሱ ተከራይ እሑድ ጠዋት በፒጃማ በር ሲከፍት የማያውቃቸው እናት «እንደምን አደርክ ልጄ፣ ዳማከሴ ልቀጥፍ ነበር» ይሉታል። የትኛው ቅጠል እንደሆነ ስለማያውቅ ወደ ጌሾው ይመራቸዋል። እሳቸውም አዝነው አይተውት ራሳቸው ሄደው ይቀጥፋሉ። በሁለተኛው ወር ለማያውቁት ሰዎች አጨማመቁን እያስረዳ ይገኛል።

ተክል የሚለቅን ሰው አስቀርቶ ያውቃል? በመዝገብ ያለው ዋነኛ ማስረጃ አፄ ምኒልክ ናቸው። ከአንኮበር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ አዲስ አበባ የወረዱ በመሆናቸው ቤት በመቀየር ልምድ ከማናችንም አያንሱም። አዲስ አበባ ላይ ማገዶ ሲጠፋ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር በ1890ዎቹ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ደርሶ ማገዶ ሆነ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። አዲስ ዓለም የተጀመረው ሥራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዛሬ ተከራይ ግን ይህ ብዙ አይፈይደውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አከራይ አልነበረባቸውም።

አከራዮች ስለ ጓሯቸው ያላቸው እውቀት በጽሑፍ የሰፈረ አይደለም፤ ቤት ሊያይ የመጣን ሰው ሲያስጎበኙ ነው የሚሰማው። የተከራዮቹን ስም ረስተዋል፤ ሥራቸውንና ጠባያቸውን ግን በየተክሉ ይዘውታል። አንዲት አከራይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ ሲሉ ተሰምተዋል፦ «ኮባው የነርሷ ነው፤ ድፎ ስትደፋ ትቆርጠው ነበር። አቮካዶው የዚያ የባንክ ቤት ልጅ። ጽጌረዳዋ የባልና ሚስቱ፤ አልተስማሙም እንጂ ጥሩ ልጆች ነበሩ።»

«የእርስዎስ የትኛው ነው እማማ?» ብሎ ጠየቀ ቤት ፈላጊው።

«አጥሩ።»