የሩፋኤል ዝናብና የአውሮፕላን ቲኬት

ጳጉሜን 3 ቀን ዝናብን መርገም ነውር ነው። ሩፋኤል ነዋ! ከሰማይ የወረደው ሁሉ ጠበል ነው። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ፤ እናቶች ከጣሪያው ሥር ባልዲ ደቅነው ያጠራቀሙትን ሊጡ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመን መለወጫን በፍኖተ ሰላም በኩል ባለችው አገሬ በገበዘ ማርያም ልዋል ብዬ ስነሣ፣ የተገኘው የባሕር ዳር ቲኬት የዚሁ የሩፋኤል ዕለት ነበር።

ቦሌ ጉም ውጧታል። «በአየር ሁኔታ ምክንያት በረራው ይዘገያል» ተባለ። በሌላ ቀን ቢሆን አዳራሹ በጩኸት በተናጋ ነበር። አንድ ጎልማሳ «ይኼ የተረገመ ዝና…» ብሎ ሲጀምር፣ አጠገቡ ያሉ ነጠላ ያጣፉ እናት ዞር ብለው አዩት።

«…ዝናብ መቼም በረከት ነው» ብሎ ጨረሰው።

እናቴ ደወለች።

«የኔ ጌታ፣ እዚያም ጣለ?»

«ጣለ እማዬ፣ እሱው ነው የያዘን።»

«እሰይ! እዚህማ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ዳጉሳው እንዴት እንዳማረበት!»

«ትንሽ ጋብ እንዲልልኝ ጸልዪልኝ እንጂ።»

«በስመ አብ! በሩፋኤል ቀን ዝናብ ይቁም ብዬ? ምን ነካህ ልጄ?»

ለካ ጉሙ ቀላሉ ነው። እሱ ሲገለጥ ጣና ዙሪያ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ሰዓቱ ይደርሳል። ወደ ባሕር ዳር የምትበረው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን የከፍታ ጣሪያዋ 7,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የክረምቱ ነጎድጓድ ደመና ግን ከ12,000 ሜትር በላይ ይቆለላል። በላዩ መዝለል የለም፤ ወይ ዞሮ ማለፍ፣ ወይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ።

ቁጭ አልን። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ወደ አገር ቤት ሊነጋጋ ሲል በአውቶቡስ ተነሥቶ ነበር። ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ደወለ። አባይን ተሻግሮ ከደጀን ደወለ። ደብረ ማርቆስ ላይ «ተነሣችሁ?» አለኝ። ቀትር ካለፈ በኋላ ከፍኖተ ሰላም ደውሎ፣ አፉ ሙሉ ስለነበር የሚለው አልሰማ አለኝ፤ እሸት በቆሎ እየጋጠ ነው። እኔ ገና ቦሌ ነኝ።

በመጨረሻ ተነሣን። የአገሬን ሰማይ በግራ ትቼ አልፌ ሄድኩ፤ የጎጃም አውሮፕላን ፍኖተ ሰላምን አያውቃትም፣ ባሕር ዳር ወስዶ ወደ ኋላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ያስመልሳል። ጣና ላይ ማረፊያው እስኪገለጥ ስንዞር፣ አጠገቤ የተቀመጡት እኒያ ነጠላ ያጣፉት እናት፣ ሴት የማትረግጣቸውን ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን በደመናው ቀዳዳ ቁልቁል እያዩ ተሳለሙ። በዕለቱ የተጠቀሙ መንገደኛ እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል።

ባሕር ዳር አድሬ በማግስቱ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጌ ገባሁ። የመጨረሻዋን ጭቃ አላወራትም፤ ጫማዬን እዚያው ትቻታለሁ። እናቴ ያስቀመጠችልኝን የሩፋኤል ውኃ ደጃፍ ላይ አናቴ ላይ ከለበሰችብኝ፤ ብርዱን አልነግራችሁም።

እናም ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዘመድ ያላችሁ፣ በክረምት አውቶቡሱን አትናቁት። አውሮፕላን የግድ ካላችሁም፣ ለቤተሰብ የምትደርሱበትን ቀን ብቻ ንገሩ፤ ሰዓት አትጥቀሱ።