የቀላ ዓይን ሁሉ ማዝ አይደለም

በእኛ አገር ዓይኑ የቀላ ሰው መካሪ አያጣም። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ያዝለታል፤ የቡና ጎረቤት ታዝለታለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃም የሚያውቀው መድኃኒት አለው። በሚያዝያ ፀሐይ ብዙ ቆሜ የዋልኩ ሰሞን መጀመሪያ ከንፈሬን ምች መታኝ። ከንፈሬ ሳይሽር ግራ ዓይኔ ቀላ፤ ይቆረቁረኝ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥርም ያስለቅሰኝ ጀመር።

ጎረቤታችን እማማ ዳማ ከሴ ጨምቀው ከተፍ አሉ። «ልጄ፣ ይኼ ያው ምቹ ነው። ዓይንህም ውስጥ ጠብ አድርግበት» አሉኝ። ለአፍንጫዬና ለግንባሬ በደስታ ተቀበልኳቸው፤ ዓይኔን ግን አላስነካሁም። ቢሆንም የከንፈሬና የዓይኔ ሕመም አንድ መሆኑን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት እሳቸው እንደሆኑ ኋላ ላይ ተረዳሁ።

መድኃኒት ቤት ስሄድ ባለሙያው ከባንኮኒው ማዶ አየት አድርጎኝ «ማዝ ነው፣ በዚህ ቶሎ ይሻልሃል» ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። ጠብታው አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ የተቀላቀሉበት ነበር። ቅላቱ ወዲያው ቀነሰ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ውሎ አድሮ ደግሞ የሰው ፊት መለየት አቃተኝ።

የዓይን ሐኪሟ ብርቱካናማ ቀለም ያለበት ቀጭን ወረቀት ዓይኔን ነካ አደረጉበት። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፈው ሰማያዊ መብራት አበሩ። ፎቶ አንስተው ሲያሳዩኝ፣ የዓይኔ የፊት መስታወት ማለትም ኮርኒያው ላይ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። «ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። ያንን ጠብታ አሁኑኑ ያቁሙ» አሉኝ።

ከንፈር ላይ የሚወጣውን የምች ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ይኸው ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችንን በልጅነታችን ይይዘናል፤ ከዚያ ፊትን በሚያገለግለው ትራይጀሚናል ነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ ወይም ጭንቀት ሲቀሰቅሰው በነርቩ በኩል ወደ ከንፈር ወይም ወደ ዓይን ይመጣል። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ዓይኑ የተሻለው ይመስላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ቁስሉ ይሰፋል። ኮርኒያ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ ብርሃን እስከማጣት ያደርሳል።

የታዘዘልኝ 0.15 በመቶ ጋንሲክሎቪር የዓይን ጄል ነበር። መድኃኒቱ ቫይረሱ ራሱን እንዳያባዛ ያግደዋል፤ ነርቭ ውስጥ የተኛውን ግን አያጠፋም። ፍለጋው አደከመኝ። አንዱ ጋ «ጄሉ የለም፣ ግን ያው ነው» ተብዬ 5 በመቶ የአሲክሎቪር ክሬም ተዘረጋልኝ። ማሸጊያውን ሳነብ ለቆዳ የተሠራ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገባው አሲክሎቪር 3 በመቶ የሆነው የዓይን ቅባት ነው፤ የቆዳው ክሬም ዓይን ውስጥ አይገባም። ትቼው ወጣሁ፣ ጄሉንም ሌላ ቦታ አገኘሁት።

አጠቃቀሙን ሐኪሟ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። እጅን ታጥቦ የታችኛውን ቆብ ሳብ ማድረግ፤ የቱቦው ጫፍ ዓይንንም ሆነ ጣትን ሳይነካ አንድ ጠብታ መጨመርና ዓይንን ጨፈን ማድረግ። ቁስሉ እስኪድን በቀን 5 ጊዜ፣ ማለትም ነቅተን ባለንበት ሰዓት በየ3 ሰዓቱ ገደማ፤ ከዳነ በኋላ በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን። ሌላ ጠብታ ካለ ጄሉ መጨረሻ ላይ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይገባል። ለጊዜው እይታን ስለሚያደበዝዝ እስኪጠራ መኪና አይነዳም። ሕክምናው እስኪያልቅ ኮንታክት ሌንስ አይደረግም። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆምም ሆነ ከታዘዘው በላይ መቀጠል አይገባም።

የእኔ ዓይን እየጠራ ሲመጣ የአክስቴ ልጅ ሁለቱም ዓይኖቿ ቀልተው መጣች። ልጆቿም ተይዘዋል። «ያንተን ቱቦ ስጠኝ» አለችኝ፤ አልሰጠኋትም፣ ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የእሷ አዴኖቫይረስ ያመጣው ማዝ ሆኖ ተገኘ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እጅ መታጠብና ፎጣ ለየብቻ ማድረግ ነው። ብዙ ቤት የማይጠፋው የቴትራሳይክሊን ቅባትም ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አይሠራም።

መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ማዘዣ ለማንም አትስጡ። አንባቢዬ ሆይ፣ ዓይንዎ ቀልቶ ካመመዎ፣ ብርሃን ካልቻለ ወይም ከደበዘዘ፣ ምንም ነገር ጠብ ከማድረግዎ በፊት ለዓይን ሐኪም ያሳዩ።