አረንጓዴ መብራትና የተዘጋ መስመር

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ብርዷ ግን ሌላ አገር የገቡ ያስመስላል። የሄድኩት የሰው ገንዘብ የሚያስተላልፍ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ከዋናው ቢሮ ጋር የሚገናኝበት የኪራይ መስመር ስለተቋረጠ ነበር። ደጃፉ ላይ ጋቢ የደረቡ አረጋውያን «ኔትወርክ የለም» ተብለው ተቀምጠዋል። ይህ መልስ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ከገጠር ድረስ በእግሩ ለመጣ ሰው ምንም አይነግረውም።

«ልጄ፣ መስመሩ ተፈትሾ ደህና ነው ተብለናል። መብራቱም አረንጓዴ ነው። ታዲያ ምን ሆነ?» አሉኝ ሥራ አስኪያጇ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ላፕቶፔን ከቅርንጫፉ ራውተር ጋር በኮንሶል ኬብል አገናኝቼ ሳይ መስመሩ የሚሰካበት ሲሪያል «አፕ»፣ ላይን ፕሮቶኮሉ ግን «ዳውን» ይላል። የመጀመሪያው ሲግናል ከሞደሙ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ራውተሮች መግባባታቸውን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅርንጫፉ አሮጌ ራውተር ተበላሽቶ በሌላ አምራች ራውተር ተተክቷል። አዲስ አበባ ያለው ሲስኮ ነው። ሲስኮ በሲሪያል ላይ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀመው ኤችዲኤልሲ የተባለ ፕሮቶኮል የራሱ ዓይነት ስለሆነ፣ የሌላ አምራች መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አይረዳውም። መፍትሔው ሁለቱንም ጫፍ ፒፒፒ ወደተባለው ፕሮቶኮል መቀየር ነው። ፒፒፒ እ.ኤ.አ. በ1994 አሁን ባለው መልኩ የጸደቀ የጋራ ደንብ ነው፤ የማንም አምራች ንብረት አይደለም። ዋናው ቢሮ ላለው ባልደረባዬ ደወልኩለትና እኩል ቀየርን።

አሁንም «ዳውን»።

ሎጉን ስንከፍት ግንኙነቱ ቻፕ በተባለው የማንነት ማረጋገጫ ላይ ወድቋል። ቻፕ የይለፍ ቃሉን በመስመሩ ላይ አይልክም፤ አንዱ ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው በምስጢሩ አስልቶ ይመልሳል። ባልደረባዬ ጊዜ ለመቆጠብ «በፓፕ እናድርገው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ፓፕ የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን እንዳለ ይልከዋል፤ የሰው ገንዘብ የሚያልፍበት መስመር ላይ ይህን አልቀበልም። ስለዚህ ራውተሮቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸውን ስሞች ፊደል በፊደል በስልክ ማነብነብ ጀመርን። አዲስ አበባ ያለው ራውተር «ብርሃን»ን በእንግሊዝኛው «አይ» ፊደል መዝግቦታል፤ አዲሱ ራውተር ራሱን የሚጠራው ግን በ«ኢ» ነው። እንዲህ ያለ የከተማ ስም ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ስላለው ሁለቱም ልክ ይመስላሉ። ለራውተር ግን በአንድ ፊደል የተለየ ስም የሌላ ሰው ስም ነው። ስሙን አስተካከልን፤ ፕሮቶኮሉ ወዲያው ተነሣ። አረጋውያኑም እየተጠሩ ገቡ።

የድሮው ራውተር ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር፣ በየትኛው ፕሮቶኮል እንደሚሠራ አንድ ገጽ ተጽፎ ቢቀመጥ ኖሮ ሥራው የደቂቃዎች ነበር። እባካችሁ፣ ራውተር የምትተክሉ ባለሙያዎች፣ የሁለቱንም ጫፍ ስም፣ ፕሮቶኮልና የመስመር ፍጥነት ጽፋችሁ መሣሪያው ካለበት ሳጥን በር ላይ ለጥፉ። የይለፍ ቃሉን ግን እዚያ አትጻፉት።